አርባ ሦስት ኪሎ

አባቴ ወንጂ ላይ ሸንኮራ መዛኝ ነበር፤
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ጋሪ በጋሪ ሲደምር፣
ጣቱን ሳያስነካ፣ ሳያዳላ ለዘር፣
ጠዋት ጠዋት መርፌውን አይቶ፣ ከዜሮ ሲጀምር።

ዛሬ አዳማ ነው፤ ስፌት ቤቴ በራፍ፣
ነፋሱ አቧራውን ካስፋልቱ አንሥቶ ሲያራግፍ፣
በፕላስቲክ ወንበር፣ ከዘራውን ታቅፎ
ባጃጅ ይቆጥራል። ይስታል።
ከዜሮ ይነሣል፣ የቅድሙን አጥፎ።

ሱሪውን በየወሩ አጠባለሁ፤
የተረፈውን ጨርቅ ወደ ውስጥ እሸሽጋለሁ፤
"ወገቡ ሰፍቶ ነው፣ ጨርቁ ላልቶ" እለዋለሁ።
መዛኝ ነው። ዝም ይላል።
ማወቁን አውቃለሁ።

ወንድሜ ቶሎሳ በወር በወሩ ብር ይልካል፤
ከብሩ ቀድሞ ድምፁ ይደርሳል።
"ደረሰሽ?"
"ደረሰ።"
"እሺ በቃ።"
አንድ ቀን አላለኝም፣ ሌቱን አባዬ ተኛ ወይስ ነቃ።

እህቴ ሌሊሴ ከድሬ ምክር ትልካለች፤
"ጨው ቀንሺ፣ እግሩን እሺው፣ ጸበል ውሰጂው" ትላለች።
ስልኩን ስትዘጋው ታለቅሳለች አሉ።
ታልቅስ፤ እንባ አይናቅም፤
ግን እንባ ከድሬ ተነሥቶ፣ አዳማ አንሶላ አያጥብም።

የዕድሩ ሴቶች በሬ ላይ ቆመው ያወድሱኛል፤
"ወላጅ የጦረ እጅ አይነጥፍም፣ ያገኛል፤
ስንቱ ጧሪ አጥቶ፣ ስንቱ በር ላይ ይለምናል!"
እሰየው፣ አሜን። ምርቃት አይጠላም፤
የሞጆው ሰው ግን "ወይ እኔ ወይ አባትሽ" ብሎኝ ሲሄድ
አንዷም አልመረቀችኝም።
እኔንስ ማን ይጦረኛል? ይህን አልጠይቃቸውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገላውን አጥበዋለሁ፤
እሱ ግድግዳውን ያያል፤ እኔ ሳሙናውን አያለሁ።
የሴት ልጁ እጅ ነው፤ ያፍራል፤ እኔም አፍራለሁ።
አንዳንድ ሌሊት፣ ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራኝ፣
"መቼ ይሆን የሚያበቃው?" ብዬ አውቃለሁ።
ጠዋት ግን የአጃውን ሾርባ
ሁለቴ አጠልለዋለሁ።

ማክሰኞ 'ለት አንድ ልጅ መጣ፣ ሚዛን ደረቱ ላይ ለጥፎ፤
አሥራ ሁለት ቢሆነው ነው፤ የሹራቡ እጅ ከመዳፉ ተርፎ።
"ኪሎ! ኪሎ በአምስት ብር!"
አባቴ ቀና አለ፤ ቆጠራው ቀረ፤ ለመነሣት ሲጥር
"አምጣት" አለው። ጎንበስ ብሎ አያት።
"ዜሮ ላይ አይደለችም፤
ሁለት መስመር ትስታለች። ልጄ፣ በዚህ አይበላም።"
ከሥሯ ያለችውን ጥርስ በጥፍሩ አዞረ፤
ያ ማንኪያ የሚጥል እጅ፣ ያን ጊዜ አልተንቀጠቀጠም።

ከዚያ ወጣባት።
አርባ ሦስት ኪሎ።
"ግማሽ ኩንታል እንኳ አልሞላሁም" አለ፣ ፈገግ ብሎ።

"አባት አለህ?" አለው። "ሶዶ ነው፤ ተኝቷል" አለ ልጁ።
"ትልክለታለህ?" "ያገኘሁትን።" ኪሱን ሸፈነ በእጁ።
የዕድሩ ሴቶች ቢሆኑ፣ "ተባረክ፣ እደግ!" ባሉት፤
አባቴ ግን ዝም ብሎ አየው፣ ጭነት እንደበዛበት ጋሪ፤
"አይ" አለ፤ "አይ።" ሌላ ቃል አልጨመረለት።

"አንቺም ውጪ" አለኝ። ወጣሁ። ስልሳ አንድ። አነበበ፤
"የእኔ ሲደመርበት?" አለና በጣቱ አሰበ።
"መቶ አራት።" ቀና ብሎ አየኝ። "ይህን ሁሉ አንቺ ብቻሽን?"

"አይከብደኝም" ልል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ቀረ፤
መዛኝ ይዋሻል እንዴ?
ክሩን ከመርፌው ላስገባ ሞከርኩ፤ ተበጠረ።

"ቶሎሳን ጥሪው" አለኝ። "ብሩን ይተው። ይምጣ።
አንድ ቅዳሜ እንኳ እሱ ይጠበኝ፣
እሱም ግድግዳ ያሳየኝ፣ ላቡ እስኪወጣ።"

ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ።
አባቴ ወደ መንገዱ ዞሯል፤ "አንድ" ይላል፣ "ሁለት"፤
ባጃጆቹ ያልፋሉ፤ ልጁ ሚዛኑን ታቅፎ ተሻገረ፣ አቧራው ዋጠው፤
ስልኩ ተነሣ።
"እህ፣ ደረሰሽ?" አለኝ።

"አልደረሰም" አልኩት።